የኋለኛው ታንከር

ሊንድሴይ ትሬዛይስ የስኳር ቆርቆሮውን ሳይቀር መዝኖ መንገድ የሚወጣ ሰው ነበር፤ የሞተው ግን ዘጠና ሊትር ትርፍ ውሃ እየጎተተ ነው። ይህን ለመርማሪ ሳጅን ጃኒን ኖስኬ የነገራት የመንገድ አደጋ ባለሙያው ስፒሮስ ማኖላስ ሲሆን፣ ጊዜው የአደጋው ማግስት ጠዋት፣ ቦታው ደግሞ ገደሉ ሥር፣ ሰውዬው በመኪናው እየጎተተ ያድርበት የነበረው፣ አሁን የተገለበጠው ተሳቢ ቤት ሆድ ላይ ነው። ስፒሮስ እዚያ ላይ ቁጢጥ ብሎ መፍቻ ይዟል።

“ይኼ የፊተኛው ታንከር ነው” ብሎ በመፍቻው ቆረቆረው። ባዶ ነው። “ይኼ ደግሞ የኋለኛው።” ይኼኛው ድፍን ድምፅ ሰጠ። “እስከ አፉ ሞልቷል። ተገልብጦ እንኳ ጠብታ አልፈሰሰውም።”

“ውሃ መያዝ ከመቼ ወዲህ ነው ወንጀል የሆነው?”

“ጃኒን፣ አንቺ ተሳቢ ጎትተሽ አታውቂም።”

“ውሻም ጎትቼ አላውቅ።”

“እንግዲያው አፍሽን ይዘሽ ስሚኝ።” ከኪሱ በላስቲክ የተጠቀለለ ብጣሽ ወረቀት አወጣ። “ከመኪናው ኪስ ያገኘሁት ነው። ትናንት ጠዋት በሁለት ሰዓት፣ እላይ ዊሎቢ፣ የእህል ጎተራው ጋ ባለው ምድር ሚዛን ተሳቢውን አስመዝኗል። ሦስት ሺህ አራት መቶ ዘጠና ኪሎ። ላንድክሩዘሩ እንዲጎትት የተፈቀደለት ሦስት ሺህ አምስት መቶ ነው። አሥር ኪሎ ብቻ ነው የቀረችው። እንዲህ ጫፍ ላይ የሚጓዝ ሰው ታንከሩን አድርቆ ነው የሚነዳው፤ ውሃ የሚቀዳው የሚያድርበት ሲደርስ ነው። እኔ ዛሬ ሳሰላው ግን ሦስት ሺህ አምስት መቶ ሰማንያ መጣ።”

“ሰማንያ ኪሎ ሰው ይገድላል?”

“እንደተቀመጠበት ቦታ ነው። ከፊት ሲከብድ ተሳቢው ይከተልሻል። ከኋላ ሲከብድ አፍንጫው ቀለል ይላል፤ ከዚያ ወዲያ የሚነዳው እሱ ነው፣ አንቺ ተሳፋሪ ነሽ። ሰውዬው ደግሞ ከኋላ በኩል የመሣሪያ ሣጥን መጫኛ በገዛ እጁ በይዶበታል። የቀረው ውሃው ነበር። ቁልቁለት ላይ አንዴ መወዛወዝ ከጀመረ፣ ፍሬን ብትይዢ ወዮልሽ፣ ባትይዢም ወዮልሽ።” ስፒሮስ ዘሎ ወረደና እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። “መኪናው ምንም አልጎደለውም። ፍሬኑም ጎማውም ደህና ነው። ከምድር ሚዛኑ በኋላ፣ ከቁልቁለቱ በፊት፣ አንድ ሰው የኋለኛውን ታንከር ሞልቶታል። ሊንድሴይ ግን አይደለም።”

“በምን አወቅህ?”

“ስኳር የሚመዝን ሰው ነው ስልሽ! ይኸው ደብተሩ።”

ጃኒን ጥቁሩን ደብተር ቆማ ገለጠችው። ጽሕፈቱ ንጹሕ ነው። ጋዝ፣ ሁለት ጠርሙስ፣ ሠላሳ ስምንት። የመሣሪያ ሣጥን፣ አርባ አንድ። የስፌት መኪና፣ አሥራ አንድ፤ ይኼ ተሰርዟል። የግሌኒስ መጻሕፍት፣ ዘጠኝ፤ ይኼም ተሰርዟል። ከታች፣ በታጣፊ ወንበሮቹና በትርፍ ጎማው መካከል፣ “ግሌኒስ፣ ስልሳ አራት” ይላል። በመጨረሻው ገጽ ላይ ይኼም ተሰርዟል።

“ግሌኒስ ማን ናት?” ጠየቀች ጃኒን፤ መልሱን እያወቀች።

“ሚስቱ ናታ።”

ሌላ ጊዜ ቢሆን እንዲህ ያለ ነገር ስታይ ታዝን ወይም ትናደድ ነበር። በሰኔ እናቷን ቀብራ በማግስቱ ሥራ ከገባች ወዲህ ግን ምንም አይሰማትም። ሐዘን አይሉት፣ ድካም አይሉት። ምግብ ትበላለች፣ ትተኛለች፣ የሰው ቀልድ ላይ በጊዜው ትስቃለች፤ ከዚያ ያለፈ የለም። ደብተሩን መልሳ ላስቲክ ውስጥ ከተተችው።

*

ግሌኒስ ትሬዛይስን ያገኘቻት ዋያላ፣ የልጇ የታምሲን ቤት ነው፤ ከፖርት ኦገስታ ከተማ የአንድ ሰዓት መንገድ። ሴትዮዋ ስልሳ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ማእድ ቤት ቆማ የደረቀ ሳህን በፎጣ እያደረቀች አገኘቻት። ታምሲን ሆዷን በሁለት እጇ ደግፋ ወንበር ሳበችላቸው።

“ያጽናዎት” አለች ጃኒን።

“አመሰግናለሁ።”

“ባለቤትዎ ትናንት ጠዋት እንዴት ነበሩ? ደክሟቸው ነበር?”

“ስምንት ሰዓት ሙሉ ተኝቷል።”

“ቁርስስ?”

“ሁለት እንቁላል። ቀቅዬለት።”

“ከሰው ጋር ተቀያይመው ነበር? ተናደው ነበር?”

“ሊንድሴይ ተናዶ አያውቅም” አለች ግሌኒስ፤ ሳህኑን አስቀምጣ ሌላ አነሣች። “የሚናደዱት ሌሎች ናቸው።”

“እርስዎ ለምን አብረዋቸው አልነበሩም?”

“ከቁልቁለቱ ሥር የመንግሥት መዛኞች ቆመዋል ተባለ። ክብደት እንዲቀንስ ከክላይቭ ጋር ሂጂ አለኝ።” ክላይቭ ሃረል ማለት ከኋላቸው የራሱን ተሳቢ ቤት እየጎተተ አብሯቸው የሚጓዝ ወዳጃቸው ነው፤ ሚስቱ ከሞተችበት ሁለት ዓመቱ። “ከኋላ ሆነን አየነው። ወዲህ አለ፣ ወዲያ አለ፣ ከዚያ የለም።”

ጃኒን ጻፈች። “ተሳቢውን ከመኪናው ጋር በጋንጮው የሚያያይዘው፣ ጭነቱን የሚያየው ማን ነበር?”

“እሱ ነዋ። የሰማያዊ ሥራ ነው።”

ይኼን ሳያብራሩላትም ታውቀዋለች። ቤታቸውን ሸጠው አገር ለአገር የሚዞሩት ሽማግሎች ሥራን በቀለም ይከፍሉታል። ከተሳቢው በር ውጭ ያለው፣ ጋንጮው፣ ጎማው፣ ውሃው፣ የሽንት ቤቱ ጣሳ፣ ሰማያዊ ነው፤ የባል። ከበሩ ውስጥ ያለው ሮዝ ነው፤ የሚስት። ቀልድ ይመስላል፣ ግን ሕግ ነው፤ ተላልፎት የተገኘ በየሠፈሩ መሳቂያ ይሆናል።

“ስለ ውጪው እንግዲህ ክላይቭን ብጠይቅ ይሻላል” አለች ጃኒን።

“ክላይቭ ያውቃል” አለች ግሌኒስ።

በር ላይ ታምሲን ሸኘቻት። “መቼ ነው የምትወልጂው?” አለቻት ጃኒን፤ ዝም ብሎ መሄዱ ነውር መስሏት።

“ሁለት ሳምንት ቀርቶኛል። የመጀመሪያዬ ነው፤ በአርባ ዓመቴ።” ታምሲን ዓይኗ አብጧል። “አባዬ ወደ ምዕራብ አልፈን በመስከረም ስንመለስ እናየዋለን ብሎ ነበር። እሱ መንገድ ከጀመረ አያቆምም።”

*

ክላይቭ ሃረልን ፖርት ኦገስታ ካለው የተሳቢ ቤቶች ሠፈር ታጣፊ ወንበር ላይ ተቀምጦ አገኘችው። ረጅም ሽማግሌ ነው፣ የጡረታ የናፍጣ መካኒክ። ሻይ አፈላለሁ ብሎ ተነሣ፤ ማንቆርቆሪያውን ሳይጥደው ተመልሶ ተቀመጠ።

“ከትናንት ወዲያ ማታ ተጣልታችሁ ነበር ይባላል።”

“ማነው ያለሽ?”

“ጎረቤት አለ፤ ሸራ ግድግዳ ምን ይሸሽጋል?”

“እሺ፣ ተጣላን” አለ ክላይቭ። “ያንን ከኋላ የበየድከውን ነገር ንቀለው አልኩት። መሐንዲስ አላየው፣ ወረቀት የለው። አንድ ቀን ይገድልሃል አልኩት። ምን አለኝ? ‘ሚስትህንም በምክር ነው የገደልካት’ አለኝ።”

ጃኒን ብዕሯን አቆመች። “ከዚያስ?”

“ከዚያማ ተኛሁ።”

“ትናንት ጠዋትስ? ከምድር ሚዛኑ በኋላ?”

“ዳቦ ቤቱ ጋ ቆምን፤ እንደ ደንቡ። ከመቆማችን በፊት መኪና ለመኪና በምንነጋገርበት ራዲዮ አንዱ ‘ከቁልቁለቱ ሥር ሚዛን ተክለዋል፣ ተጠንቀቁ’ ሲል ሰምተናል። ሊንድሴይ ደነገጠ። ተሳቢውና መኪናው አንድ ላይ ሲደመሩ ልኩ ላይ ናቸዋ። ግሌኒስን ከነቦርሳዋ ወደ እኔ አሻገራት። እኔም ‘ኪሎ ብቻ እኮ አይደለም፣ አንዴ ከልክ በላይ ሆነህ ካገኙህ ብየዳህንም ያዩታል፤ ባለፈው ዓመት ያንን ሰውዬ ለወረቀት ብለው ሦስት ሳምንት እዚሁ ፖርት ኦገስታ አላስቀመጡትም?’ አልኩት።”

“ግሌኒስ ይህን ሰምተዋል?”

“አጠገባችን ነበረች መሰለኝ።” ክላይቭ ጠጉሩን አሸ። “ከዚያ ገባን፣ ፓይ በላን፣ ወጣን። ከወንበሬ ንቅንቅ አላልኩም።”

ይህን ሲል ዓይኑን ወደ ማንቆርቆሪያው መለሰ፤ ጃኒንም አየችው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። እሷ ሃያ ስድስት ዓመት ስትጠረጥር ኖራለች፤ ሰው ሲዋሽ ዕቃ ያያል።

*

የዊሎቢ ዳቦ ቤት ባለቤት ሊየን ትባላለች። ከቬትናም በልጅነቷ መጥታ በሊጥ ተሸፍኖ በሚጋገር የሥጋ ፓይ በመላው አገር ውድድር ሦስት ጊዜ ሽልማት የወሰደች፣ ምላሷም እንደ ፓይዋ የሚያቃጥል ሴት ናት።

“የመጣሽው ለፓይ ነው ወይስ ለፖሊስ?”

“ለሁለቱም።”

“ለፖሊስ ነጻ ነው፣ ለፓይ ትከፍያለሽ። ቁጭ በይ።”

ጃኒን ፓይዋን ይዛ መስኮቱ ጋ ተቀመጠች። “ትናንት ጠዋት፣ ከሁለቱ ወንዶች የትኛው ነው ወደ ተሳቢው ተመልሶ የወጣው?”

“ሟቹ አልወጣም። እዚያው አንቺ የተቀመጥሽበት ላይ ሆኖ ‘በርበሬው በዝቷል’ እያለ ሲያማ ነበር፤ ነፍስ ይማር እንጂ። ረጅሙ ግን ወጥቷል። ጋንጮው ጋ በርከክ አለ፣ አየ አየና ተመለሰ።”

“ስንት ደቂቃ?”

“ፓዩን ሳሞቅለት። ሁለት ደቂቃ ይሆናል።”

“ሌላ የተለየ ነገር?”

“የተለየማ በቀቀኖቼ ናቸው!” ሊየን ሳቀች። “ስድስት ወር ዝናብ የለም፤ ትናንት ከጓሮ ቧንቧዬ ሥር ኩሬ አግኝተው ሠርግ ሆነላቸው። ያ ቧንቧ እኮ እጀታ የለውም። መንገደኛው ሁሉ ውሃዬን እየቀዳ ስላስቸገረኝ ራሴ ነቅዬዋለሁ።”

ጃኒን ፓይዋን ትታ ወደ ጓሮ ዞረች። ሊየን እጀታውን የነቀለችበት ቧንቧ ላይ የነሐስ እጀታ ተሰክቷል። መንገደኞቹ እንዲህ ላለው ምቀኛ ቧንቧ የራሳቸውን እጀታ ይዘው ይዞራሉ፤ እንዳይጠፋም ምልክት ያደርጉበታል። በዚህኛው ላይ ቀይ ፕላስተር ተጠቅልሎበታል።

*

እጀታውን ጠረጴዛው ላይ ስታስቀምጥለት ክላይቭ ሃረል ወዲያው አነሣው።

“የእርስዎ ነው?”

“የኔ ነው። ቀዩ ፕላስተር የኔ ነው። በሾፌሩ በር ኪስ ውስጥ ነው የማኖረው።” ግራ በመጋባት አገላበጠው። “የት አገኘሽው የኔ ልጅ?”

“ከዳቦ ቤቱ ጓሮ። ከወንበሬ አልተነሣሁም ብለውኝ ነበር። ተነሥተው ጋንጮው ጋ ተንበርክከዋል። የሰውዬው ተሳቢ ከኋላ በውሃ ተሞልቶ ነው የገደለው፤ ውሃው ደግሞ በእርስዎ እጀታ ነው የተቀዳው።”

“ውሃ?” ክላይቭ ቀና አለ። “ውሃ ነው እንዴ?”

“ምን መስሎዎት ነበር?”

ሽማግሌው የተናገረው ለእሷ ሳይሆን ለእጆቹ ነበር። “አፍንጫው ቀሎ ነበር። ፓዬ እስኪሞቅ በመስኮት ሳየው ተሳቢው ከፊት ቀና ብሏል፤ ጠዋት እንደዚያ አልነበረም። ወጥቼ ተንበርክኬ አየሁት። እውነት ነው፣ ቀሏል። ሠላሳ ስምንት ዓመት መካኒክ ነበርኩ፤ አንድ ጣት ልዩነት አይጠፋኝም።”

“ምን አደረጉ?”

“ገባሁና ፓዬን በላሁ።”

“አልነገሩትም?”

“ሰው ካልጠየቀሽ በቀር ስለ ጋንጮው አትነግሪውም። ደንብ ነው። የሰው ጋንጮና የሰው ሚስት አይነካም ይላሉ። በዚያ ላይ ማታ ያለኝን ብሎኛል።” እጀታውን መልሶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። “አንዴ ተናግሬ አፍሬያለሁ፤ ደግሞ ልፈር? በልቤ ‘ይወዛወዝና ይደንግጥ፣ ይማራል’ አልኩ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ትንሽ ደስ ብሎኝ ነበር። አሁን ለግሌኒስ ምን ብዬ ነው የምነግራት?”

ጃኒን ማዘን እንዳለባት አወቀች። አላዘነችም። ደብተሯን ዘግታ መኪናዋ ውስጥ ገባች፤ ወዲያው ስልኳ ጮኸ። አለቃዋ ነው።

“ጠብ አለ፣ ዛቻ አለ፣ እጀታ አለ፣ ውሸት አለ። ምን ቀረሽ?” አላት። “ነገ ከሰዓት በፊት ክሱ ይጻፍና ሰውዬውን አምጪው።”

“ጊዜው አልገጠመልኝም።”

“የምን ጊዜ?”

“ሁለት ደቂቃ ነው የወጣው።”

“ሁለት ደቂቃ ለክፉ ሰው ይበቃዋል” አለና ዘጋው።

*

ሐሙስ ጠዋት ጃኒን ከዳቦ ቤቱ ጓሮ ባልዲ አስቀምጣ ሰዓቷን እያየች ቧንቧውን ከፈተች። የዊሎቢ ውሃ ቀጭን ነው። የአሥር ሊትሩን ባልዲ ለመሙላት አንድ ደቂቃ ፈጀ። ዘጠና ሊትር ማለት እንግዲህ ዘጠኝ ደቂቃ ነው፤ የውሃ ጎማ መዘርጋቱንና መጠቅለሉን ሳንቆጥር። ክላይቭ ሁለት ደቂቃ ወጥቷል፤ ያውም የቀለለውን አፍንጫ ሊያይ፣ ማለትም ውሃው ገብቶ ካለቀ በኋላ። ሊንድሴይ ከነጭራሹ አልወጣም።

ሊየን ከጓሮ በሩ ብቅ አለች። “ደግሞ አንቺም ውሃዬን ትሰርቂ ጀመር?”

“ሊየን፣ ከወንዶቹ ማንም ለዘጠኝ ደቂቃ አልወጣም?”

“አልኩሽ እኮ። ከወንዶቹ ማንም።”

ጃኒን ቧንቧውን ዘጋች። የራሷን ጥያቄ ገና አሁን ነው የሰማችው። ከትናንት ጀምሮ ስትጠይቅ የነበረው ከሁለቱ ወንዶች የትኛው እያለች ነው። ሴት ሆና፣ መርማሪ ሆና፣ እሷም ሥራን በቀለም ከፍላ ኖራለች።

“ማን ነበር እንግዲያው ውጭ የነበረው?”

“ሴትዮዋ ነቻ” አለች ሊየን፤ የታወቀ ነገር ነው እንደማለት። “ፓይ አላማረኝም ብላ ውጭ ቀረች። በዚህ በጓሮ በኩል፣ ባሏ በማያያት ወገን፣ የውሃ ጎማ ይዛ ቆማ ነበር። ሳህን የምታለቃልቅ መስሎኝ። ‘ከፈለጉ ሙቅ ውሃ ከውስጥ ልስጥዎት’ አልኳት፤ ‘አይ፣ ክብደት ያለው ይበቃኛል’ አለችኝ። እርጅና ነው ብዬ ተውኳት።”

“ለምን አልነገርሽኝም?”

“ጠየቅሽኝ?”

*

ከሰዓት በኋላ ጃኒን ዋያላ ስትደርስ ግሌኒስ ጓሮ ውስጥ የሕፃን ልብስ እያሰጣች ነበር። ገና ያልተለበሰ፣ ከመደብር ወጥቶ ለመጀመሪያ ጊዜ የታጠበ ልብስ ነው። ታምሲን ውስጥ ተኝታለች። ጃኒን መብቷን አንድ በአንድ ነገረቻት፤ ጠበቃ እስኪመጣ ዝም ማለት እንደምትችልም ነገረቻት። ግሌኒስ እስከ መጨረሻው አዳምጣ ራሷን ነቀነቀች።

“የኋለኛውን ታንከር የሞሉት እርስዎ ነዎት?”

“አዎ።”

“ትናንት ሳነጋግርዎት አልነገሩኝም።”

“አልጠየቅሽኝም። እንቁላሉን ጠየቅሽኝ፤ እንቁላሉን ነገርኩሽ።” አንዲት ትንሽ ሸሚዝ ገመዱ ላይ ሰካች። “ማንም አልጠየቀኝም።”

“ክላይቭ ሊከሰሱ ነበር።”

እጇ ቆመ። “ክላይቭ? በምን?”

“ውሃው በእሳቸው እጀታ ነው የተቀዳው።”

“መኪናው ውስጥ ከበሩ ኪስ አገኘሁት፤ ወሰድኩት። መመለሱን ረሳሁ።” ቀለሟ ተለወጠ። “እንዲህ ይሆናል ብዬ አላሰብኩም። ክላይቭ ምንም አላደረገም። ይኼን አሁኑኑ ጻፊልኝ።”

“እጽፋለሁ። ለምን እንደሞሉት ግን ይንገሩኝ።”

“ከልክ እንዲያልፍ ነዋ። ክላይቭ ሲል ሰምቻለሁ፤ ከልክ ካለፈ ያስቆሟችኋል፣ ሦስት ሳምንት አለ። እኔ የፈለግኩት ሁለት ነው። ልጄ እስክትወልድ ሁለት ሳምንት።”

“ለባለቤትዎ ለምን አልነገሩትም?”

“ነገርኩት እንጂ። ሰባት ጊዜ ነገርኩት። ሙቀቱ ሳይመጣ በረሃውን ማለፍ አለብን አለኝ፤ ሕፃን የትም አይሄድም አለኝ።” ሌላ ሸሚዝ አነሣች። “ስምንተኛው ውሃው ነበር።”

“የኋለኛውን የመረጡት ለምንድን ነው?”

“የፊተኛው አፉ በዳቦ ቤቱ መስኮት በኩል ነው፤ ያየኝ ነበር። ደግሞ ኪሎ ኪሎ ነው ብዬ። አራት ዓመት ሙሉ ሲመዝን አይቻለሁ። መጽሐፌን ሲመዝን፣ የስፌት መኪናዬን ሲመዝን፣ እኔን እዚያ የጎተራ ሚዛን ላይ አቁሞ ሲመዝነኝ። ሁሌም የሚያወራው ስለ ድምሩ ነው። የት መቀመጥ እንዳለበት ነግሮኝ አያውቅም፤ እኔም ጠይቄው አላውቅ። የእኔ ሥራ አልነበረም።” ድምጿ ከፍም ዝቅም አይልም። “ከፊት ሞልቼው ቢሆን ኖሮስ?”

ጃኒን ስፒሮስን በዚያው ጠዋት ጠይቃው ነበር። “ቁልቁለቱን በደህና ይወርድ ነበር” አለች።

“ጠርጥሬ ነበር። እዚያው ገደሉ አፍ ላይ ቆሜ ‘እኔ ነኝ’ አልኩ፤ ግን በምን እንደሆነ አላወቅኩም።” ግሌኒስ የልብስ መቆንጠጫውን በእጇ ይዛ ቆየች። “እወደው ነበር፤ ታውቂያለሽ? ከባድ ሰው ነበር እንጂ ክፉ አልነበረም። አርባ ስድስት ዓመት ኖርኩ። አሁን ላለቅስለት ፈልጌ እንባው እምቢ አለኝ።”

“ይመጣል” አለች ጃኒን። ለምን እንዳለችው አታውቅም።

“ከአንቺ ጋር ልሂድ ነው?”

“አዎ፣ ዛሬ።”

“ለስንት ቀን?”

“የዳኛው ጉዳይ ነው። ምናልባት ነገ ይለቁዎታል፤ ምናልባት አይለቁዎትም።”

“ታምሲን ስትወልድ አጠገቧ እኖር ይሆን?”

“አላውቅም፤ ወይዘሮ ግሌኒስ።”

ሴትዮዋ ይኼን የባቡር መነሻ ሰዓት እንደተነገረው ሰው ተቀበለችው። ከዚያ ጎንበስ ብላ ሌላ ልብስ እየፈለገች፣ “መዛኞቹ ግን ያስቆሙን ነበር፤ አይደል?” አለች። “ከፊት ሞልቼው ቢሆን፣ በደህና ወርደን ያስቆሙን ነበር። ሐሳቡ እንኳ ደህና ነበር።”

ጃኒን ወደ ዋያላ ስትመጣ በመንገድ ላይ ደውላ ያጣራችው ይኼንኑ ነው። ልትዋሽ አሰበች፤ በሥራዋ ዋሽታ አታውቅም፣ ይኼ ግን ቀላል ውሸት ነበር፣ አንዲት ቃል። ከዚያ ግን ነገ ጠበቃዋ ከመዝገቡ ላይ እንደሚያነብላት ታሰባት።

“አልነበሩም” አለች። “መዛኞቹ የቆሙት ሰኞ ነው። እናንተ በሄዳችሁበት በማክሰኞ ቁልቁለቱ ሥር ማንም አልነበረም። በራዲዮ የሰማችሁት ያለፈው ቀን ወሬ ነው።”

ግሌኒስ ቀና ብላ አየቻት። ነገሩ ወደ ውስጧ ሲወርድ በፊቷ ላይ ታየ፤ ቀስ ብሎ፣ አንድ ቦታ እስኪያርፍ።

“እንግዲያው ምንም ብሞላ መንገዳችንን እንቀጥል ነበር” አለች። “እሱም ይነዳ ነበር፤ እኔም አጠገቡ እቀመጥ ነበር።”

ቅርጫቱ ውስጥ የቀሩት ካልሲዎች ናቸው። ግሌኒስ አንድ በአንድ ማስጣቷን ቀጠለች፤ ጃኒንም ደብተሯን ኪሷ ከትታ፣ ጎንበስ ብላ የቀረውን ታቀብላት ጀመር።